ትርፍ ሞሊ የፓርክ ኩሬ ውስጥ ይለቀቅ ወይስ ይቅር?

አወያይ፦ ትናንት ማታ የተጀመረውን እዚህ እንጨርሰው። የካዛንቺሱ አባላችን ሞሊ የሚባሉት የቤት ዓሦቹ ተራብተው ገንዳው ጠቦታል። ትርፎቹን ቢሮው አጠገብ ያለ ፓርክ ኩሬ ውስጥ ልልቀቃቸው ወይ ብሎ ጠየቀ። ግማሹ ሰው «ምን ችግር አለው» አለ፤ ግማሹ «ወንዙን ወርሮ ሌላውን ዓሣ ያጠፋል» ብሎ ጮኸበት። ስድብ አይፈቀድም። እኔም ሐሳብ አለኝ፤ ለጊዜው ዝም ብያለሁ።

ካዛንቺስ፦ እሺ፣ ነገሩን ላስረዳ። ገንዳዬ 120 ሊትር ነው። ኒዮንና ኮሪዶራስ የሚባሉ ትንንሽ ዓሦች ከሞሊ ጋር አብረው ይኖራሉ። ሞሊ እንቁላል አይጥልም፤ የሚዋኝ ልጅ ነው የሚወልደው። አንዷ ሴት በወር አካባቢ አንዴ ትወልዳለች፤ ደህና ካደገች በአንዴ ከ20 በላይ ትጥላለች። አሁን ኒዮኖቹ መደበቂያ አጥተዋል። የጠየቅኳቸው ሱቆች «ሞሊ ሞልቶናል» አሉኝ። መግደል ደግሞ አልችልም፣ ነፍስ ነው። ኩሬው ሰፊ ነው። ትንኝ ይበሉልናል፣ ልጆችም ያዩዋቸዋል። ማን ተጎዳ?

ፒያሳ፦ ማንም አይጎዳም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው ያለችው። ህዳርና ታህሳስ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ሞሊ የሚመቸው ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ነው። እኛ ቤት ውስጥ እንኳ ሂተር እንሰካለን። ኩሬ ውስጥ ጥምቀትን አያይም። ወረራ ምናምን የምትሉት የፈረንጅ ወሬ ነው።

የአራት ኪሎዋ፦ ቆይ፣ ፒያሳ። «አይጎዳም» ያልከው ስለሚሞት ነው? ወንድማችን እኮ የሚለቃቸው ነፍስ ናቸው ብሎ ነው። አንተ ደግሞ በብርድ ስለሚያልቁ አትስጋ ትለዋለህ። ሁለታችሁ ተነጋገሩ እስቲ። ዓሣ ሲበርደው ወዲያው አይሞትም። መብላት ያቆማል፣ አንድ ቦታ ቆሞ ይወዛወዛል፣ ሰውነቱ ላይ ነጭ ነጥብ ይወጣበታል። ቀናት ይፈጃል። ይሄ ምሕረት ከሆነ እኔ አልገባኝም።

ካዛንቺስ፦ እህቴ፣ ገንዳው ውስጥም እኮ እየተጨናነቁ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ኤር ፓምፑ ይቆማል፤ ሁሉም ውሃው ላይ ወጥተው ያለከልካሉ። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ከቆላው ያነሰ ነው። ምን ላድርግ?

ቲቸር፦ ስለ ብርዱ ልጨምር፤ ሁላችሁም እሱ ላይ ተደግፋችኋል። ካናዳ ውስጥ ባንፍ የሚባል በረዶ የሚወርድበት የተራራ ከተማ አለ። እዚያ ፍልውሃ የሚፈስበት ረግረግ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1924 ጋምቡዢያ የሚባል ዓሣ ተለቀቀ። ምክንያቱ ያው የእናንተው ነበር፤ ትንኝ ይብላ ተብሎ። በኋላ የቤት ዓሣ ያላቸው ሰዎች የተረፋቸውን እያመጡ ጨመሩበት። ሞሊም ገባ፣ ተራባም። ያ ረግረግ ውስጥ ብቻ ይኖር የነበረ አንድ ትንሽ ዓሣ በ1980ዎቹ ጠፋ ተብሎ ተመዘገበ። የቀረውን ከተማ በረዶ ሸፍኖት እኮ ነው ይሄ ሁሉ የሆነው።

ፒያሳ፦ ቲቸር፣ በአክብሮት፤ እሱ ፍልውሃ ስለሆነ ነው። የእኛ ፓርክ ኩሬ ሙቅ ውሃ የለውም።

ቲቸር፦ ልክ ነህ፣ የለውም። ግን ክረምት ላይ ኩሬ ሞልቶ ሲፈስ ወዴት ይሄዳል? ወደ ወንዝ። የከተማችን ወንዞች ወደ አቃቂ፣ አቃቂ በአባ ሳሙኤል በኩል ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽ እስከ አፋር ይወርዳል። እዚያ ደግሞ ሂተር የሚፈልግ የለም። «ወንዛችን ቆሻሻ ነው፣ መንገድ ላይ ይሞታሉ» እንዳትሉኝ። ሜክሲኮ ውስጥ የሞሊ ዘመድ የሆነ ዓሣ ሰልፈር በሚያፈልቅ መርዛማ ምንጭ ውስጥ ይኖራል፤ ከውሃው ፊት ላይ እየተነፈሰ። ሞሊ ጨውም ይችላል፤ ቀስ በቀስ ካለማመዳችሁት የባሕር ውሃ ውስጥ ይኖራል። የአንድ ሰው ሞሊ አዋሽ የመድረስ ዕድሉ ትንሽ ነው፣ እክዳለሁ አልልም። ግን አንዱ ከተፈቀደለት ሌላው በምን ይከለከላል? አፍዴራ ሐይቅን አስቡ። ጨዋማ ነው፣ ሙቅ ነው፤ ሌላ የትም የማይገኙ ትንንሽ ዓሦች አሉበት። ከእኛ ወንዝ ጋር አይገናኝም። ሰው ግን ባልዲ ይዞ መኪና ይሳፈራል።

የአራት ኪሎዋ፦ እምቦጭስ? አበባው ስላማረ ነው ከደቡብ አሜሪካ ተነስቶ ዓለምን የዞረው። ጣና ላይ ገበሬው ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ሁላችንም በቴሌቪዥን አይተናል።

ፒያሳ፦ እምቦጭንና ሞሊን ማወዳደር ትንሽ አይበዛም?

የአራት ኪሎዋ፦ ይበዛል። ግን እምቦጭም መጀመሪያ ሲመጣ «ይበዛል» ነው የሚባለው።

አወያይ፦ እዚህ ላይ ልግባ። ትንኝ የምትሉት ነገር ብዙ አያስኬድም። ሞሊ ዋናው ምግቡ አልጌ ነው። የትንኝ እጭ ካገኘ ይበላል፣ ግን ለዚያ ብሎ የሚያሰማራው ሰው የለም። ደግሞ ማንም ያልጠየቀው ጥያቄ አለ፦ ሞሊና ኒዮን መጀመሪያውኑ ምን አገናኛቸው?

ባለሱቅ፦ እሱን ለእኔ ተዉት። ደንበኛ ቀለም ነው የሚያየው። ኒዮን ለስላሳ፣ ማዕድን ያልበዛበት ውሃ ይወዳል። ሞሊ ተቃራኒው ነው፤ ማዕድን ያለው ውሃ ካላገኘ ይደክማል። ስለዚህ ሰው ጨው ይጨምራል። ጨው ደግሞ ለኮሪዶራስ አይስማማም፣ ተክሉንም ይገድላል። ለሞሊ ጨው ግዴታ አይደለም፤ የኖራ ድንጋይ ወይም የታጠበ የእንቁላል ቅርፊት ፊልተር ውስጥ ብታደርጉ ይበቃል። ውሃችሁ ከለገዳዲ ግድብ ይሁን ከአቃቂ ጉድጓድ ለዩ። የጉድጓዱ ማዕድን ይበዛበታል።

ካዛንቺስ፦ ጋሼ፣ እርስዎ ሲሸጡልኝ ይሄን አልነገሩኝም እኮ።

ባለሱቅ፦ እኔ መሸጤን በምን አወቅህ? የፕሮፋይል ሥዕል ስር ተደብቀህ ነው የምታወራው። (ቀልድ ነው።)

የአራት ኪሎዋ፦ ቀልዱን እንተወው። ሱቆች ወንድና ሴት ቀላቅለው መሸጥ ማቆም አለባቸው። ሲያድግ የወንዱ ከሆዱ ኋላ ያለው ክንፍ ቀጭን ዘንግ ይሆናል፣ የሴቷ ማራገቢያ ሆኖ ይቀራል። ጎበዝ ሻጭ ከሩቅ ይለያል። ወንድ ብቻ ይሽጡ፣ የሚያራባ ይጠይቅ።

ባለሱቅ፦ በቀላሉ አይሆንም። የሚመጡልን ገና ትንንሽ ሳሉ ነው፣ አይለዩም። ደግሞ ሴቷን ብቻዋን ብትወስጂም ዘሩን ለወራት ሆዷ ውስጥ ታቆያለች። ወንድ ሳታይ ደጋግማ ትወልዳለች። ያኔ ሰው «አታለልከኝ» ይለኛል።

ቲቸር፦ ስለዚህ ካዛንቺስ፣ ወንዶቹን አስቀር፣ ሴቶቹን ለባለ ትልቅ ገንዳ ስጥ። የዛሬ ልጆች ላይ አትጨነቅ። ተክሉን ካሳሳኸው ትልልቆቹ ራሳቸው ይበሏቸዋል። ሲክሊድ የሚባለውን ትንንሽ ዓሣ የሚበላ ዓሣ የሚያረቡ ሰዎችም በደስታ ይወስዳሉ።

የአራት ኪሎዋ፦ የታመመ ካለ ደግሞ የቅርንፉድ ዘይት አለ። ከትንሽ ሞቅ ያለ ውሃ ጋር በደንብ ተመቶ ቀስ እያለ ይጨመራል። መጀመሪያ ይደነዝዛል፣ መጠኑ ሲጨምር ሳይሰማው ያልፋል። ሽንት ቤት ከመጣል ይሻላል።

ካዛንቺስ፦ ቅርንፉድ ይቅርብኝ። ለሲክሊድ መስጠትም ያው መግደል ነው፣ በሌላ ሰው አፍ። ግን እሺ፣ ኩሬውን ትቼዋለሁ። ቲቸር ስለ አዋሽ ባሉት ነው እንጂ በእምቦጩ አይደለም።

ፒያሳ፦ እኔ አሁንም ብርዱ ይጨርሳቸዋል እላለሁ።

አወያይ፦ በለው፣ ማንም አልከለከለህም። መልቀቅ ግን በዚህ ግሩፕ አይመከርም፤ ይሄን ከላይ እሰቅለዋለሁ። የሱቆቹን ጉዳይ ገና አልጨረስነውም። ሴት ሞሊ የሚወስድ አለ?

ባለሱቅ፦ ጥቁር ከሆኑ ቅዳሜ ያምጣቸው። ዳልሜሽያን የሚባለውን ነጭና ጥቁር ዝንጉርጉሩን ግን አልቀበልም፣ ሞልቶኛል።