የቴራፎርም ስቴት ፋይል የት ይቀመጥ? ኤስ3፣ ጊትላብ ወይስ ቢሮ ያለ ሰርቨር?

ሚኪ_ኢንፍራ፦
ሰላም ቤተሰብ። አዲስ አበባ ሦስት ሆነን የምንሠራ ትንሽ ቡድን ነን። የደንበኞቻችን ሰርቨሮች ኤደብሊውኤስ (የአማዞን ክላውድ) ላይ ናቸው፤ ሁሉንም በቴራፎርም (ሰርቨሮችን በኮድ በሚፈጥርና በሚቀይር መሣሪያ) ነው የምናስተዳድረው። ስቴት ፋይሉ፣ ማለትም ቴራፎርም የፈጠረውን ሁሉ የሚመዘግብበት ፋይል፣ እስካሁን ያለው አንድ ልጅ ላፕቶፕ ላይ ነው። እሱ እረፍት ሲወጣ ሥራ ይቆማል። አሁን ወደ ጋራ ቦታ ልናዛውረው ነው። አንዱ ኤስ3 (የኤደብሊውኤስ የፋይል ማከማቻ) ይላል። ሌላው ኮዳችን ጊትላብ ላይ ስለሆነ ስቴቱም እዚያው ይሁን ይላል። ቢሮ ባለው ሰርቨር ላይ ሚንአይኦ (እንደ ኤስ3 ያለ ማከማቻ በራስ ሰርቨር ላይ የሚያሠራ ሶፍትዌር) እንጫን የሚልም አለ፣ ዶላር ስለማይጠይቅ። ምን ትላላችሁ?

ሐና_ዴቭኦፕስ፦
ሰላም ሚኪ። ኤስ3 አድርጉት። ሰርቨሮቻችሁ ያሉት እዚያው ስለሆነ ፈቃዱም ቢሉም አንድ ቦታ ይሆንላችኋል። የዶላሩ ነገር አያሳስብህ። ስቴት ፋይል ተራ የጄሰን ጽሑፍ ነው፤ ለእናንተ ዓይነት ቡድን ቢበዛ ጥቂት ሜጋባይት ቢሆን ነው። አሁን በምትከፍሉት ላይ የሚጨምረው ኢምንት ነው።

ቢሮ ያለውን ሰርቨር ግን ተወው። ሚንአይኦ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ስቴቱ አጥብቆ የሚፈለገው ነገር ሲበላሽ ነው። የደንበኛ ሰርቨር ሌሊት ወድቆ፣ ቢሮ ደግሞ መብራት ጠፍቶ ስቴቱን ማግኘት ባትችል ምን ታደርጋለህ?

ባኬቱ (ፋይሉ የሚቀመጥበት የኤስ3 ማህደር) ላይ ቨርዥኒንግ (የቀድሞ ቅጂዎችን መያዝ) ክፈት። ይሄ ለድርድር አይቀርብም። ስቴቱ ቢበላሽ የትናንቱን መልሰህ ታመጣለህ። የድሮ ቱቶሪያሎች ለሎክ (ሁለት ሰው በአንዴ ስቴቱን እንዳይቀይር ለሚቆልፈው) ዳይናሞዲቢ (የኤደብሊውኤስ ዳታቤዝ) ላይ ቴብል ፍጠር ይሉሃል፤ አሁን አያስፈልግም። ኤስ3 በ2024 «ፋይሉ ከሌለ ብቻ ጻፍ» የሚል ጥያቄ መቀበል ጀመረ። ቴራፎርምም ከ1.10 ጀምሮ በዚህ ተጠቅሞ ስቴቱ አጠገብ የሎክ ፋይል ማስቀመጥ ይችላል። 1.11 ላይ የዳይናሞዲቢው መንገድ ወደፊት ይቀራል ተባለ። ባክኤንዱ (ስቴቱ የት እንደሚቀመጥ የሚነገርበት የኮድ ክፍል) ላይ «ዩዝ ሎክፋይል»ን ትሩ አድርግ፣ በቃ። ለሎክ ፋይሉ የመሰረዝ ፈቃድ መስጠት እንዳትረሳ፣ አለዚያ ሎኩ አይለቅም።

ጋሻው_22፦
ሐና፣ ጊትላብንም አትናቂው። ስቴት ያስቀምጣል፣ ይቆልፋል፣ የቀድሞ ቅጂዎችንም ይይዛል። ባኬት መፍጠር የለ፣ ምን የለ። እኛ ሁለት ክላውድ ላይ ስለምንሠራ በጣም ተመችቶናል።

ሐና_ዴቭኦፕስ፦
እውነት ነው ጋሻው፣ ሁለት ክላውድ ላይ ለሚሠራ ሰው ጥሩ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ማን ያነበዋል የሚለው ነው። የዳታቤዝ ፓስወርድ ስቴቱ ውስጥ እንዳለ ተጽፎ ይገኛል። «ሴንሲቲቭ» ብትለውም ስክሪን ላይ አይታይም እንጂ ፋይሉ ውስጥ አለ። ጊትላብ ላይ ደግሞ የዴቨሎፐር ፈቃድ ያለው ሁሉ ስቴቱን ማንበብ ይችላል። ኮድ ለመጻፍ የገባ ልጅ የደንበኛን ፓስወርድ የሚያይበት ምክንያት የለም። ኤስ3 ላይ ባኬቱን ለብቻው አጥረህ ለሁለት ሰው ብቻ መክፈት ትችላለህ። ፋይሉ ራሱ ተመስጥሮ ይቀመጥ ለሚል ኦፕንቶፉ (ከቴራፎርም የተቀዳ ክፍት አማራጭ) ከ1.7 ጀምሮ ያንን ይሠራል። ሚኪ፣ ስቴቱን በቴሌግራም የምትላላኩ ከሆነም ዛሬውኑ አቁሙ።

ሚኪ_ኢንፍራ፦
አመሰግናለሁ፣ ኤስ3 ይሁን። አንድ ነገር ብቻ፦ አፕላይ (ለውጡን የሚተገብረው ትዕዛዝ) እየሠራ መሃል ላይ ኢንተርኔት ቢቋረጥስ?

ሐና_ዴቭኦፕስ፦
ቴራፎርም ስቴቱን ወደ ኤስ3 መላክ ሲያቅተው «ኤረርድ ዶት ቲኤፍስቴት» የሚባል ፋይል የሠራህበት ፎልደር ውስጥ ያስቀምጥልሃል። እንዳትሰርዘው! ኢንተርኔት ሲመለስ መጀመሪያ እሱን በ«ቴራፎርም ስቴት ፑሽ» ላከው። ከዚያ በፊት ድጋሚ አፕላይ ካልክ፣ የተፈጠረውን ሰርቨር ስለማያውቀው ሌላ ሊፈጥርብህ ይችላል። ላፕቶፑ ራሱ ከጠፋ ግን ይሄ ፋይል ላይኖር ይችላል። ያኔ የተፈጠሩትን ከኮንሶሉ አይተህ በ«ኢምፖርት» ወደ ስቴቱ ማስገባት ነው።

ሎኩ ሳይለቅ ከቀረ የስህተት መልእክቱ ላይ የሎኩ መለያ ቁጥርና የያዘው ሰው ስም አለ። ልጁን ደውለህ ጠይቀው። እየሠራ አለመሆኑን ካረጋገጥክ በኋላ ብቻ «ፎርስ አንሎክ» በል። ከተቻለ ደግሞ አፕላዩ ከላፕቶፕ ሳይሆን ክላውድ ላይ ካለ ሲአይ ራነር (ትዕዛዞችን በራሱ ከሚያስኬድ ማሽን) ይሂድ፤ የአዲስ አበባ መብራት አይነካውም።

ስታዛውሩ መጀመሪያ የስቴቱን ኮፒ ያዙ፣ ከዚያ «ቴራፎርም ኢኒት»ን ከ«ማይግሬት ስቴት» ጋር አስኪዱ። ሲያልቅ ፕላን (ምን እንደሚቀየር የሚያሳየውን ትዕዛዝ) በሉ። ምንም ለውጥ የለም ካለ፣ ላፕቶፑ ላይ የቀረውን ፋይል ማጥፋት ትችላላችሁ።