ፕራግ፣ ቪየና፣ ቡዳፔስት በ500 ዩሮ?

ባለቦርሳው፦ ሰላም ወገን። 22 ዓመቴ ነው፣ ፍራንክፈርት ተማሪ ነኝ። ነሐሴ ላይ ቦርሳዬን አዝዬ ለ10 ቀን ሦስቱን ከተሞች ልዞር ነው። ኪሴ ያለው 500 ዩሮ ብቻ ነው። ይበቃኛል ወይስ ለምኜ ልመለስ ነው?

የቪየናው፦ ከቆጠብክ ይበቃሃል። ለሦስት ከተማ ኢንተርሬይል (ብዙ አገር የሚያዞረው የባቡር ቲኬት) አያዋጣህም፣ የፍሊክስባስ አውቶቡስ ቲኬት ቀድመህ ቁረጥ። ሆስቴል ስትይዝ ወጥ ቤት ያለው ምረጥና ፓስታህን ቀቅል። ቪየና ውሃ እንዳትገዛ፣ የቧንቧው ከተራራ ምንጭ የሚመጣ ነው። ኦፔራ ቤቱም የመቆሚያ ቲኬት አለው፣ እግርህ ይቃጠላል እንጂ በርካሽ ታያለህ።

እህትህ፦ ወንድሜ፣ ገንዘቡ ቼክ (ፕራግ) ኮሩና፣ ሃንጋሪ (ቡዳፔስት) ፎሪንት ነው እንጂ ዩሮ አይደለም። የገንዘብ ማሽኑ በዩሮ ልመንዝርልህ ሲልህ እምቢ በል። እኔ እሺ ብዬ የአንድ ቀን ምሳዬን በላብኝ። ደግሞ ሼንገን ነው፣ ድንበሩ ክፍት ነው ብለህ ፓስፖርትህንና የመኖሪያ ፈቃድህን ቤት እንዳትተው፣ ድንበር ላይ አውቶቡሱ ውስጥ ገብተው ሊጠይቁ ይችላሉ።

ባለቦርሳው፦ ኧረ ፓስፖርቱን ልተወው ነበር! በሶስ ልያዝ?

የቪየናው፦ ያዝ እንጂ። ችግሩ ሆስቴል ውስጥ ዱቄቱ ምን እንደሆነ እስክታስረዳ ነው 😂