ጤፍ በኩንታል ወይስ በኪሎ?

የጀሞዋ መምህርት

ጤና ይስጥልኝ። ከባለቤቴ፣ ከሦስት ልጆቻችንና ከእናቴ ጋር ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እንኖራለን። ባልና ሚስት ደመወዝተኞች ነን። ጤፍ ከሰፈር ወፍጮ ቤት በአሥር ኪሎ፣ ዘይት በሊትር፣ ሽሮ ከሱቅ በእሽግ እንገዛለን። ወሩ ሳይጋመስ ዱቤ ይጀመራል። አሁን ዕቁብ ሊደርሰኝ ስለሆነ ኩንታል ጤፍና የዓመት የሽሮ እህል ልግዛበት ብል፣ ባለቤቴ «ገንዘቡን ለነቀዝ ልትቀልቢው ነው» አለ። የሞከራችሁት ምን ትላላችሁ?

እማማ ከኮተቤ

ልጄ፣ ባልሽ ግማሹን አውቋል። ጤፍን ነቀዝ አይደፍረውም፤ ፍሬው ከመድቀቁ የተነሣ ገብቶ የሚፈለፍልበት ቦታ የለውም። ደረቅ ከሆነና ከወለሉ ከፍ ካደረግሽው ዓመት ይሻገራል። ሽምብራና ባቄላ ግን ሌላ ነገር ናቸው። ጥሬውን ከምረሽ ከተቀመጥሽ ክረምቱ ሳይወጣ የተቦረቦረ ፍሬ ትለቅሚያለሽ። የሽሮውን እህል ለሁለትና ለሦስት ወር የሚበቃሽን ብቻ ግዢ፤ እንደገዛሽ ቆልተሽ፣ ከክተሽ፣ ቀምመሽ አስፈጪው።

የሱቅ ሽሮ ዋጋው ከሌላው በጣም ወርዶ ካየሽ ደግሞ አትደሰቺ። ጓያ ገብቶበት እንደሆነ ጠይቂ። ጓያ የዘወትር ምግብ ሲሆን እግር ሽባ ያደርጋል፤ ልጆች ባሉበት ቤት ይህ ቁጠባ አይባልም።

ጤፉን በነሐሴ እንዳትገዢ። አዲሱ ምርት ከኅዳር ወዲህ ተወቅቶ ይገባል፤ ጥርና የካቲት የሸማች ወራት ናቸው። ማኛ ካልሆነ የሚሉሽን ተያቸው፣ ማኛ ለእንግዳ ዓይን ነው! ሰርገኛ ግዢ። ቅቤ የምትገዢ ከሆነ ሁዳዴ መካከል ላይ ገበያው ሲቀዘቅዝ ገዝተሽ አንጥሪው። ለፋሲካ ዋዜማ ያቆየ ሰው የሚከፍለውን ታውቂዋለሽ።

ሹፌሩ ከሳሪስ

እኅቴ፣ ጤፉ ላይ ከእማማ ጋር እስማማለሁ። እኔ የምፈራው ዱቤውን ነው። ባለ ሱቁ በዱቤ ሲሰጥ ዋጋ ጨምሮ እንደሚጽፍ አትርሺ፤ ደግሞም ዱቤ ያለበት ሰው ዋጋ አይከራከርም። ከዕቁቡ ላይ መጀመሪያ የሱቁን መዝገብ ዝጊ።

አትክልት የምንገዛው ከእሁድ ገበያ ነው። ከጎረቤት ጋር ሽንኩርት በጋራ ገዝተን እንካፈላለን። ብቻዬን ለአምስት ኪሎ ኮንትራት ታክሲ ብይዝ ትርፉን ለታክሲው ሰጠሁት ማለት ነው። ሽንኩርቱን በፌስታል አታፍኑት፤ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ዘርጉት፣ ከድንችም ለዩት። በረንዳ ካላችሁ ከዚህ የተሻለ ጎተራ የለም፣ ዝናብ እንዳይነካው ብቻ።

ተከራይዋ

ይቅርታ አድርጉልኝና ምክሩ ሁሉ በእጁ ገንዘብ ላለው ሰው ነው። የምኖረው በአንድ ክፍል ቤት ነው፤ ኩንታል ጤፍ ላስቀምጥ ብል እኔ ደጅ ማደሬ ነው። ድሃ ውድ የሚገዛው ቁጠባ ስለማያውቅ አይደለም፤ በአሥር ኪሎ የሚገዛው አሥር ኪሎ ብቻ የሚገዛ ገንዘብ ስላለው ነው።

በመሥሪያ ቤታችን የጀመርነው የጤፍ ዕቁብ ግን ረድቶኛል። ዕጣ የወጣላት ገንዘብ አትቀበልም፤ ሰብሳቢዋ እህል በረንዳ ወርዳ ኩንታል ትገዛላታለች። በጥሬ ገንዘብ ቢሆን ኖሮ ለቤት ኪራይ ይሄድ ነበር። የእኔን ግማሽ እኅቴ ቤት አስቀምጣለሁ። ወር ሲያጥርብኝ ማሽላ እቀላቅላለሁ፤ እንጀራው ቶሎ ይደርቃል እንጂ ለወጡ አያንስም።

የጀሞዋ መምህርት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዱቤው ይዘጋል፣ ጤፉ ይገዛል፤ የሽሮው እህል እንደተባለው በጥቂት በጥቂቱ ይሆናል። ባለቤቴም አነበበው፤ «ግማሹን አውቋል» የሚለውን ብቻ ጮክ ብሎ ደገመልኝ። እማማ፣ ጤፉን ከመፈጨቱ በፊት ልለየው ወይስ የወፍጮ ቤቱ ማበጠር ይበቃል? አራተኛ ፎቅስ እንዴት ይወጣል?

እማማ ከኮተቤ

በወንፊት ራስሽ ንፊው፤ አሸዋው ምን ያህል እንደሆነ ካላየሽ ከዚያ ነጋዴ ደግመሽ መግዛት አለመግዛትሽን በምን ታውቂያለሽ? ሁሉንም በአንድ ጊዜ አታስፈጪ፣ ዱቄት እንደ ጥሬው አይቆይም። ስትገዢ በሁለት ማዳበሪያ አምሳ አምሳ ኪሎ አስመዝኚ። የወዛደሩንም ዋጋ ከታች ሳለ ጨርሺ፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆሞ ጭማሪ ሲጠይቅሽ እምቢ ማለት አትችዪም።