ጥርሱ ገና አለ፣ ጎማው ግን አርጅቷል፤ ሁለቱን ልቀይር ወይስ አራቱንም?

ሰላም፣ የጎማ ነገር የምታውቁ እርዱኝ።

መኪናው ቪትዝ ነው፤ የጎማው ልክ 165/70 አር 14፣ ትዩብለስ (ውስጡ ከመነዳሪ የሌለው)። አራቱም ላይ የታተመው የምርት ቁጥር 3017 ነው፤ ማለትም እንደ ፈረንጆቹ በ2017 ሠላሳኛው ሳምንት የተመረቱ ናቸው። የኋላዎቹ ጥርስ ዳር እስከ ዳር ሲለካ 4 ሚሊ ሜትር ነው። የፊቶቹ በመሃልና በውጭ 4፣ በውስጠኛው ጠርዝ ግን 2 ብቻ፤ ቦዩ ውስጥ ካለችው፣ ጎማው ማለቁን ከምታሳየው የ1.6 ሚሊ ሜትር ምልክት ጋር ሊስተካከል ምንም አልቀረው። መሪውን እስከ መጨረሻው ካልጠመዘዙት ደግሞ አይታይም።

የንፋስ ችግር አይመስለኝም። ንፋስ ሲያንስ ሁለቱም ጠርዝ፣ ሲበዛ መሃሉ ነው የሚበላው። እጅ ጥርሱ ላይ ከውስጥ ወደ ውጭ ሲሄድ ይለሰልሳል፣ ሲመለስ ይቧጭራል፤ ስለዚህ ጎማዎቹ ከፊት በኩል ወደ ውጭ የተከፈቱ ይመስለኛል። የግራው ቴስቲናም (የመሪው ዘንግ ከጎማው ጋር የሚገናኝበት ጫፍ) ክፍተት አለው። እሱ ሳይቀየር አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) ማሠራት ገንዘብ መጣል ነው፤ እዚህ ላይ ጥያቄ የለኝም።

የጨነቀኝ የኋላዎቹ ናቸው። ጎናቸው ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች አሉ፤ የጎማው የውስጥ ክር አይታይም፣ እብጠትም የለም። ክረምቱ ሳይገባ የአባይን በረሃ ቁልቁለት በሙቀት፣ አራት ሰው ጭነው መውረድ አለባቸው።

ሁለት ብቻ ከገዛሁ አዲሶቹን ከኋላ ማሰር እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ በእርጥብ አስፋልት የኋላው ከከዳ መሪ አያድነውም። ታዲያ እነዚህን ስንጥቃም ጎማዎች ወደ ፊት ማዞር ያዋጣል? ስንጥቁ ምን ያህል ሲጠልቅ ነው እናንተ የምትጥሉት?