ክርክር፦ የኤሊው መውጫ ዕዳ በማን ላይ ይውደቅ?

ማርታ፦ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ሽሪምፕ የተባለውን ትንሽ የባሕር እንስሳ የሚያጠምዱ የአሜሪካ ጀልባዎች በመረባቸው ላይ የኤሊ መውጫ እንዲገጥሙ መገደዳቸው ተገቢ ነው ባይ ነኝ። የባሕር ኤሊ የሚተነፍሰው በሳንባ ነው፤ በሚጎተት መረብ ውስጥ ከቆየ ታፍኖ ይሞታል። ኬምፕስ ሪድሊ የተባለው ዝርያ በፈረንጆቹ 1947 በሜክሲኮው ራንቾ ኑዌቮ ዳርቻ በአንድ ቀን በአሥር ሺዎች ሆኖ እንቁላል ሊጥል ሲወጣ በፊልም ተቀርጿል። በ1985 ዓመቱን ሙሉ የተቆጠረው ጎጆ ግን ወደ 700 ብቻ ነበር።

ዮናስ፦ እህቴ ማርታ፣ ቁጥሩን አልክድም። ግን እንቁላሉን ከአሸዋው እየቆፈሩ ሲወስዱ የኖሩት የቴክሳስ አጥማጆች አልነበሩም። በቴክሳሱ ጋልቬስተን ወደብ ላይ ለጀልባዎች በረዶ ስጭን ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ መሣሪያውንም በእጄ ነክቼዋለሁ። በመረቡ አንገት ላይ የሚገጠም የብረት ፍርግርግ ነው። ሽሪምፑ በዘንጎቹ መካከል ሾልኮ ያልፋል፤ ኤሊው ግን ከብረቱ ጋር ሲጋጭ ክዳኑን ገፍቶ ይወጣል። ግንድ ወይም ሣር የተጋደመበት ዕለት ክዳኑ ተከፍቶ ይቀርና የሌሊቱ ድካም ተመልሶ ባሕር ይገባል። ካፒቴኑ ባዶ መረብ ሲያራግፍ ያየ ሰው «ተገቢ ነው» ለማለት ትንሽ ይዘገያል።

ጋሽ ታደሰ፦ ሽሪምፕ በአፌ ዞሮ አያውቅም፤ ቢሆንም ልግባበት። የዚህ ፍርግርግ አባት ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ባለሥልጣን ሳይሆን የጆርጂያው አጥማጅ ሲንኪ ቡን ነው፤ ያውም ጄሊፊሽ የተባለው ዝልግልግ የባሕር እንስሳ መረቡን እየሞላ ቢያስመርረው። ትእዛዝ ሲሆን ግን በ1989 አጥማጆች ወደቦችን በጀልባ ዘጉ። የባሕረ ሰላጤው ጠረፍ ግዛት ሉዊዚያናም ተቆጣጣሪዎቿ ሕጉን እንዳያስከብሩ ከልክላ እስከ 2015 ቆየች። ጠባቸው ከብረቱ ጋር አልነበረም።

ማርታ፦ ጋሽ ታደሰ፣ አሜሪካ እኮ በ1989 ባወጣችው ሕግ ያንኑ ግዴታ ሽሪምፕ ወደ እርሷ በሚልኩ የውጭ አገር አጥማጆችም ላይ ጥላለች።

ዮናስ፦ በባሕር አጥማጆች ላይ፣ አዎ! አሜሪካ ከምትበላው ሽሪምፕ ከአሥሩ ዘጠኙ ከውጭ የሚገባ ነው፤ አብዛኛው ደግሞ በኩሬ የረባ ስለሆነ ኤሊ አያገኘውም፣ ሕጉም አይነካውም። ዋጋውን የሚሰብረው እርሱ ነው። ኤሊው ይውጣ፤ ነገር ግን በዚያ ክዳን የሚያመልጠውን ሽሪምፕ የሚከፍለው ለምን ካፒቴኑ ብቻ ይሆናል? ተመጋቢውስ?

ማርታ፦ ሉዊዚያና በ2019 ባወጣችው ሕግ ምግብ ቤቶች ሽሪምፑ ከውጭ የመጣ ከሆነ ለደንበኛው እንዲያሳውቁ አዝዛለች። ይህ ጅምር አይደለም?

ዮናስ፦ ነው። የት እንደሚጽፉት ግን አይተሻል? መነጽር ይዘሽ ግቢ።