ከውጭ መጥታችሁ ፋብሪካ ለምትገቡ፦ ሰው ሳይግባባ የሚቀረው የት ላይ ነው?

ከሚኒያፖሊስ፦
ሰላም ወገኖቼ። ያደግሁት እዚህ ሚኒሶታ ነው። አሁን ጠቅልዬ አዲስ አበባ ልገባ ነው። ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያለ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ በምርት ክትትል ቀጥሮኛል። አለቆቹ ከእስያ የመጡ ናቸው፣ ሠራተኞቹ የአገር ልጆች። የእኔ አማርኛ የቤት አማርኛ ነው። ልምድ ያላችሁ ንገሩኝ፣ ባለመግባባት የሚመጣውን ጣጣ እንዴት ላስቀረው?

ከቃሊቲ፦
እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። እኔ እዚሁ ከተማው ዳርቻ ባሉ ፋብሪካዎች በሰው ኃይል ክፍል ስሠራ ኖሬያለሁ። የማውቀውን ልንገርሽ።

ከሰዓት ጀምሪ። አለቃሽ «ነገ በ8 ሰዓት ጭነት ይወጣል» ቢል ለእሱ ጠዋት ነው። ለላይን (ለስፌት መስመር) መሪዋ ግን በእኛ አቆጣጠር ከምሳ በኋላ ነው። መኪናው በር ላይ ቆሞ ዕቃው ሳይታሸግ የሚገኘው እንዲህ ሲሆን ነው። ቀኑ ደግሞ ይብሳል። ወረቀት ላይ 10/2 የሚል ቢኖር ለእኛ ጥቅምት 10 ነው፣ አለቃሽ ህንዳዊ ከሆነ ለእሱ ፌብሩዋሪ 10፣ አሜሪካ ላደግሽው ለአንቺ ኦክቶበር 2። ስለዚህ የወሩን ስም በፊደል ጻፊ። ሰዓቱንም በሁለቱም አቆጣጠር አስቀምጪ።

ስምም ያጋጫል። የውጭ አለቆች የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይወስዱታል። አንድ ላይን ላይ የአባታቸው ስም አንድ የሆነ ብዙ ሠራተኞች ይኖራሉ። ማስጠንቀቂያው ላልበደለችው ሲደርስ አይቻለሁ። ሠራተኛን በራሷ ስም ጥሪ፣ ወረቀት ላይ የመታወቂያ ቁጥሯን ጨምሪ።

ከሁሉም የሚከብደው ግን ዝምታው ነው። ከገጠር በቅርቡ የመጣች ልጅ አለቃ ሲያናግራት አንገቷን ትደፋለች። ትልቅ ሰውን ዓይን ለዓይን አለማየት ያደገችበት አክብሮት ነው። አለቃው ግን ወይ ገብቷታል ይላል፣ ወይ የምትደብቀው ነገር አለ ብሎ ይጠረጥራታል። «ገባሽ?» ብትያት «አዎ» ትልሻለች። አለቃን «አልገባኝም» ማለት ለእሷ እሱን ማሳፈር ነው። ስለዚህ ያንን ጥያቄ ተይው። «እስቲ አሳዪኝ» በያት። የመጀመሪያውን ልብስ ትስፋ፣ አብራችሁ እዩት፣ ከዚያ ሥራው ይቀጥል። በሰው ፊት አትጠይቂያት፣ ጠጋ ብለሽ ይሁን።

ደግሞ አማርኛ ለሁሉም የአፍ መፍቻ እንዳይመስልሽ። የአካባቢው ልጆች አፋን ኦሮሞ ነው የሚናገሩት። ከወላይታ፣ ከሲዳማ፣ ከሀድያ የመጡም ሞልተዋል። አለቃው ወደ አማርኛ ተተረጎመ ብሎ ይሄዳል፣ መልእክቱ ግን ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው። በየላይኑ የየቋንቋው ሰው ማን እንደሆነ ቀድመሽ እወቂ።

አሁን ስለ አንቺ። እንግሊዝኛም አማርኛም ስላለሽ ሳይነግሩሽ አስተርጓሚ ያደርጉሻል። እዚህ ጋ ጠንቀቅ በይ። ብዙ ደግ ሰዎች መሐል ሲገቡ ነገሩን ያለሳልሱታል። አለቃው ተቆጥቶ «እስከ ዓርብ ካላለቀ ትእዛዙ ይሰረዛል» ይላል፣ እነሱ «ትንሽ ፍጠኑ ብሏል» ብለው ያደርሱታል። ዓርብ ሲመጣ ማንም አላወቀም። ቁጥሩንና ቀኑን እንዳለ አድርሺ። ስድቡን ግን አታድርሺ። ይህንንም ለአለቃው ከመጀመሪያው ቀን በግልጽ ንገሪው። ከማሽን ድምፅ በላይ ለመሰማት የሚጮህ አለቃ አለ፣ ሠራተኛዋ ግን እንደ ውርደት ነው የምትወስደው። የሰው ክብር ሲነካ ማንም አይከራከርም። በማግስቱ ከሥራ መቅረት ነው የሚከተለው።

ትርፍ ሰዓትም በቃል አይለፍ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ትርፉ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። የሰርቪሱ መውጫ ሰዓትም አብሮ ይነገር። ሲመሽ ታክሲ የማይገባበት ሰፈር የሚኖሩ ሴቶች ናቸው፣ እምቢ የሚሉት ስለሰነፉ አይደለም።

ከዱከም፦
የቃሊቲዋ እህት ጥሩ ብላዋለች። እኔ ያለሁት ቻይኖች ጋ ነው። እኛን የረዳን ናሙና ነው። ጥሩውንና የተበላሸውን ጎን ለጎን ግድግዳ ላይ ሰቅለናል፣ ጉድለቱ ያለበት ላይ ቀይ ቴፕ አለ። የስልክ መተርጎሚያ ለሰላምታ ይሆናል፣ ለልኬት ግን አትመኚው። ሌላው፣ የህንድ አለቃ ካለሽ ጭንቅላቱን ወደ ጎንና ጎን ሲያወዛውዝ እንቢ ያለ እንዳይመስልሽ። ብዙ ጊዜ እሺ ማለቱ ነው።

ከሚኒያፖሊስ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ብቻ። አለቃው ጊዜ የለኝም ቢለኝስ?

ከቃሊቲ፦
ስብሰባ አትጠይቂው። ፈረቃ ከመቀየሩ በፊት ላይን መሪዎቹ ጋ ቆማችሁ ለነገ የተባለውን አንዷ ጮክ ብላ ትድገመው፣ እሱም ይስማ። ስህተት ካለ እዚያው ያርመዋል። የጻፍሽውን ደግሞ የላይን መሪዎቹ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ማታውኑ ልቀቂው። ስትደርሺ ጻፊልኝ፣ ከቃሊቲ ቦሌ ለሚ ሩቅ አይደለም።