ጌም ኦፍ ትሮንስ ከነ ዘ ዋየር ጎን ይቆማል ወይስ መጨረሻው ገደለው?

የአዝዋ ልጅ፦ ሰላም የፊልም ሰዎች። ትናንት ማታ ደሴ ፒያሳ አንድ ሻይ ቤት ከጀለሶቼ ጋር ልንጣላ ምንም አልቀረንም፣ ያጣላን ደግሞ ዘንዶ ነው። አንዱ "ከተሠሩት ተከታታይ ድራማዎች ሁሉ አንደኛው ጌም ኦፍ ትሮንስ ነው" ብሎ ገና ሳይጨርስ ሌላው "ዘንዶ የሚበርበት ነገር የልጅ ተረት ነው፣ ከነ ዘ ሶፕራኖስ ከነ ዘ ዋየር ከነ ብሬኪንግ ባድ ጋር ስሙን አትጥራ" አለው፣ በቃ ቤቱ ተናጋ፣ አስተናጋጇ ወንበሩን ጠረጴዛ ላይ እየገለበጠች እስክታስወጣን ተጨቃጨቅን። እኔ አቋሜን ላስቀምጥ እናንተ ደግሞ ቀጥቅጡኝ። ከ1 እስከ 4 ያሉት ሲዝኖች የትኛውም ድራማ ጎን ሳያፍሩ ይቀመጣሉ። ከዛ በኋላ የተበላሸው ታሪኩ የተወሰደበት መጽሐፍ ስላለቀባቸው ነው። ደራሲው ጆርጅ ማርቲን አምስተኛውን መጽሐፍ ያወጣው በፈረንጆቹ 2011 ነው፣ ፊልሙ በጀመረበት ዓመት ማለት ነው፣ ስድስተኛውን ስንጠብቅ ፊልሙ አልቆ ተቀበረ። ምንጩ ደረቀ፣ ውሃው ደፈረሰ፣ ሌላ ሚስጥር የለውም።

ቦርከና ዳር፦ ኧረ በአላህ ቆይ! እኔ ሰባተኛው ሲዝን ላይ ነኝ ያለሁት፣ ስምንተኛው ፍላሼ ላይ አልነበረም። መጨረሻውን የሚናገር ሰው ካለ ከኮምቦልቻ ተነስቼ ነው የምመጣው።

ፍላሽ ጫኝ፦ ያለቀው እኮ በፈረንጆቹ 2019 ነው ሃሃሃ። እስካሁን የት ነበርክ?

ቦርከና ዳር፦ ሽፍት ላይ።

ሐረጎ ላይ፦ እኔ ያ ሻይ ቤት ውስጥ ተረት ነው ያለው ሰውዬ ነኝ፣ ስሜ በክፉ ስለተነሳ መልስ ይገባኛል። ዘ ዋየርን ያየ ሰው እንዲህ አይነት ክርክር ውስጥ አይገባም። 5 ሲዝን 60 ክፍል ነው፣ ባልቲሞር የምትባል አንዲት ከተማ ላይ። የጻፈው ዴቪድ ሳይመን እዛው ከተማ ጋዜጣ ላይ የፖሊስ ዜና ሲሠራ የኖረ ሰው ነው፣ አብሮት የሠራው ኤድ በርንስ ደግሞ የግድያ ወንጀል መርማሪ ነበር፣ በኋላም አስተማሪ ሆኗል። የሚያውቁትን ነው የጻፉት። አንደኛው ሲዝን ላይ ያችን ሶፋ ታስታውሷታላችሁ? ግቢው መሀል የተጣለች ብርቱካን ሶፋ፣ ዕፅ ሻጩ ዲያንጄሎ ለሁለት የሰፈር ልጆች ቼዝ ሲያስተምራቸው። ልጆቹ ቼዝ አያውቁም፣ ዳማ ነው የሚጫወቱበት፣ እሱም በሚያውቁት ዕፅ ንግድ እየመሰለ ያስረዳቸዋል፣ ንጉሡ ሁሌ ንጉሥ ነው ወታደሮቹ ግን ቶሎ ነው የሚበሉት ብሎ። አንዱ ልጅ ወታደር ሆኖ ዳር መድረስ አይቻልም ወይ ብሎ ይጠይቃል። ከዛ በኋላ የእነዚያ ልጆች ዕጣ ምን እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። ይሄ ሁሉ ያለ ዘንዶ ያለ በረዶ ሰው ያለ ምንም፣ አንድ ሶፋና ሦስት ልጆች። ግን ኤሚ የሚባለውን የቴሌቪዥን ሽልማት አንድም አልሰጡትም። ጌም ኦፍ ትሮንስ 59 ኤሚ ወስዷል፣ ያ ሁሉ ሰው የተሳደበበት ስምንተኛው ሲዝን እንኳ በ2019 ምርጥ ድራማ ተብሎ ተሸልሟል። ሽልማት እያመጣችሁ እንዳትከራከሩኝ ከወዲሁ ነው የምናገረው።

የአዝዋ ልጅ፦ ሽልማት ማን አነሳ?

ሐረጎ ላይ፦ ልታነሳ ነበር።

መምህርት ከሆጤ፦ እኔም ዘ ዋየርን አይቻለሁ፣ በተለይ አራተኛውን ሲዝን፣ ትምህርት ቤቱን። አስተማሪ ነኝ፣ ክፍል ውስጥ ኋላ ወንበር ላይ ተኝቶ የሚውል ልጅ ማታ የት እንዳደረ እንድጠይቅ ያደረገኝ ያ ሲዝን ነው፣ ስለዚህ ታላቅነቱ ላይ ከወንድሜ ጋር አልከራከርም። ግን ተረት ስለሆነ አይሆንም ማለት አልገባኝም። እኛ ወሎዎች በተረት ያደግን ሰዎች አይደለንም እንዴ? ቀዩ ሰርግ የሚሉትን ክፍል አስታውሱት፣ ሦስተኛው ሲዝን ዘጠነኛው ክፍል። ወጣቱ ንጉሥ ሮብ ስታርክ ከእናቱ ከካትሊን ጋር ዋልደር ፍሬይ የሚባል መስፍን ቤት ለሰርግ ይመጣል፣ መጀመሪያ ዳቦና ጨው ይቀርብላቸዋል፣ ያ አገር ውስጥ የሰው ዳቦና ጨው ከቀመስክ በኋላ ባለቤቱም አይነካህም አንተም አትነካውም። ሙሽሮቹን ሸኝተው በሩ ይዘጋል። አዝማሪዎቹ ዜማ ይቀይራሉ፣ የጠላቶቻቸውን የላኒስተሮቹን ዘፈን ይጀምራሉ፣ ካትሊን ጆሮዋ ቀና ይላል። አጠገቧ የተቀመጠውን የራሳቸውን ወገን ቦልተንን ታየዋለች፣ እጅጌውን ገለጥ ታደርጋለች፣ ከልብሱ ሥር ጥሩር ለብሷል። ሰይፍ ከመመዘዙ በፊት እኮ ነው ያለቀው፣ እዛ እጅጌ ላይ ነው ያለቀው! እኔ ያንን ሳይ ከእናቴ ጋር ነበርኩ፣ እንግሊዝኛ አትችልም፣ የገባት ግን ከኔ ቀድሞ ነው። "አብልተው?" ነው ያለችው፣ "አብልተው?" ቡናውን አልጠጣችውም። ማዕድ ላይ መካድ ምን ማለት እንደሆነ ለደሴ ሰው አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ዘንዶ በሌለበት ነው ይሄ ሁሉ የሆነው ደግሞ።

ጋሽ አምባሰል፦ ልጄ እናትሽ ትክክል ናቸው። አይጠየፍን ስንት ጊዜ አልፋችሁት ሄዳችኋል፣ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን አዳራሽ ማለቴ ነው፣ ስሙ ራሱ ገቢውን ሁሉ የሚያበላ ማለት አይደለም? ዙፋን ላይ የሚደረግ ጨዋታ ደግሞ ለኛ አዲስ አይደለም። ልጅ ኢያሱ በመስከረም 1909 ከሥልጣን ሲወርድ አባቱ ከዚሁ ከወሎ ጦር ይዘው ወጡ፣ ቶራ መስክ ላይ አሸነፉ፣ ጥቅምት 17 ሰገሌ ላይ ተማረኩ። ልክ አንድ ወር ነው መሀሉ። ይሄን ፈረንጅ ቢጽፈው ስምንት ሲዝን ያወጣለታል።

ፍላሽ ጫኝ፦ ጋሼ እርስዎ ጌም ኦፍ ትሮንስን አይተዋል እንዴ?!

ጋሽ አምባሰል፦ ልጄ ላፕቶፕ ላይ፣ ስድስቱን። ልጆች ባሉበት ሳይሆን ብቻዬን፣ የሚታይም የማይታይም አለበት።

የአዝዋ ልጅ፦ ጋሼ ያጠናክሩልኝ እስቲ፣ መጽሐፉ ስላለቀ ነው የተበላሸው አይደል?

ጋሽ አምባሰል፦ እኔ ከትርጉም ጋር የተጣላሁት በውጫሌ ነው። አንድ ውል፣ 1881፣ አንቀጽ 17፣ አማርኛው ከፈለጉ በኢጣሊያ በኩል ይጻጻፉ ይላል፣ ጣሊያንኛው ግድ ነው ይላል፣ መጨረሻው ዓድዋ ሆነ። መጽሐፉ እያለም ሰው የፈለገውን ሊያደርገው ይችላል ነው የምለው። እናንተ ተወያዩ፣ እኔ ልስገድ።

ብርድ ልብስ፦ ጋሼ ባጭሩ ቆረጡት። እኔ መጽሐፎቹን አንብቤያለሁ (ካምፓስ እያለሁ፣ ስልክ ላይ፣ ዓይኔ ጠፍቶ)። መጽሐፉ ስላለቀ የሚለው ሰበብ ነው። አምስተኛው ሲዝን ላይ ዶርን የሚባለውን አገር ታሪክ ሲያበላሹት መጽሐፉ ጠረጴዛቸው ላይ ነበር። ካትሊን ከሞተች በኋላ መጽሐፉ ውስጥ የምትመጣበት ነገር አለ፣ ሙሉ በሙሉ አወጡት። ሌላ ነገር ልንገራችሁ፣ ማርቲን ራሱ ከመጀመሪያዎቹ አራት ሲዝኖች በየአንዳንዱ አንድ አንድ ክፍል ጽፏል፣ ከአራተኛው በኋላ ግን አንድም አልጻፈም። መጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ሰውዬውም ወጣ።

ሐረጎ ላይ፦ እሱን ተወው፣ ብሬኪንግ ባድስ መጽሐፍ ነበረው? አምስተኛው ሲዝን ሲከፈት ዋናው ሰውዬ ዋልተር ፂሙን አሳድጎ መኪና የኋላ ኮፈን ውስጥ ያለ መትረየስ ይረከባል። ጸሐፊዎቹ ያንን ሲቀርጹ መትረየሱ ለምን እንደሚሆን ራሳቸው አያውቁትም ነበር፣ ኋላ ቁጭ ብለው ነው የፈቱት። ፈቱት ግን! 62 ክፍል ውስጥ አንድ የኬሚስትሪ አስተማሪ ቀስ እያለ ነፍሰ ገዳይ ሲሆን ታያለህ። መጀመሪያ ላይ ምድር ቤት ያሰረውን ልጅ ለመግደልና ላለመግደል ወረቀት ላይ ምክንያት ጽፎ ያወዳድራል፣ ሳንድዊች ሠርቶ ይወስድለታል፣ ከዛ የተሰበረውን ሳህን ስብርባሪ ጠረጴዛ ላይ ሲገጣጥም አንድ ቁራጭ ይጎድላል። ልጁ ደብቆታል ለመውጋት። ዋልተር ቆሞ "አይ አይ አይ" ሲል እኔ እዚህ ተቀምጬ ላብ ያዘኝ። አንድን ሰው ለማጥፋት ይሄን ያህል ጊዜ ወስደዋል። የጌም ኦፍ ትሮንሷ ባለ ዘንዶ ንግሥት ዴኔሪስ ደግሞ ደወል ተደወለ ተብሎ ከተማ

ቦርከና ዳር፦ አቁም!!!

ሐረጎ ላይ፦ ይቅርታ ወንድሜ ግን ክርክሩ እዚህ ላይ ነው ያለው፣ ዓይንህን ጨፍን። ከተማዋ እጅ ሰጥታ ደወል እየተደወለ ሕዝቡን በዘንዶ አቃጠለችው። ሁለት ክፍል በፊት ሕዝብ አዳኝ ነበረች።

መምህርት ከሆጤ፦ አልነበረችም። አራተኛው ሲዝን ላይ 163 ባሪያ ፈንጋዮች ሰቅላለች፣ ሰባተኛው ላይ አባትና ልጅ አልንበረከክም ስላሉ አቃጥላለች። እኛ ነን ያጨበጨብነው፣ የምትገድለው የምንጠላውን ሰው ስለነበረ። እኔ መድረሻውን አልጠላሁትም፣ ሰባተኛው 7 ክፍል ስምንተኛው 6 ክፍል ሆኖ መጠቅጠቁን ነው የጠላሁት። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሲዝኖች እያንዳንዳቸው 10 ነበሩ። ጣቢያው ጨምሩ እያላቸው እኮ ነው ያሳጠሩት። ሴትዮዋ ብቻዋን ስትቀር፣ እንቅልፍ ስታጣ፣ ምግብ ስትገፋ ያቺን አንድ ሲዝን ቢሰጧት ኖሮ ዛሬ ከዋልተር እኩል ነበር የምናነሳት።

ፍላሽ ጫኝ፦ ርቀቱስ? አንደኛው ሲዝን ላይ ንጉሡ የስታርኮቹ ቤት ዊንተርፌል ለመድረስ አንድ ወር ነው የፈጀበት። ሰባተኛው ላይ አንዱ ልጅ ከሰሜኑ ግንብ ወዲያ ማዶ በበረዶ ሮጦ ግንቡ ጋ ይደርሳል፣ መልእክት የያዘ ቁራ ይላካል፣ ዘንዶ ይመጣል፣ እነ ጆን ስኖው ቋጥኝ ላይ እንደቆሙ። እኛ ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሐረጎ ላይ አንድ ሲኖትራክ ከቆመ ቁራ ብትልክም አትደርስም።

ብርድ ልብስ፦ ስምንተኛው ሲዝን ሦስተኛው ክፍል ላይ ጨለማው ብሶ መብራት የሄደ መስሎኝ ቆጣሪ ላየው የወጣሁ ሰው ነኝ። አራተኛው ላይ ደግሞ የዘንድሮ ቡና ኩባያ ጠረጴዛ ላይ ረስተዋል፣ አቦል ይሁን ቶና አልታወቀም።

የአዝዋ ልጅ፦ እሺ እሺ። መጽሐፉ አልቆ ነው ያልኩትን ግማሹን አነሳለሁ፣ ብሬኪንግ ባድ ላይ መልስ የለኝም። ግማሹ ግን ይቆይልኝ። ብሬኪንግ ባድ አንድ ሰው ላይ ነው የሚዘጋው፣ ዋልተር ወደቀ አለቀ። እዚህ ግን ስንት ቤተሰብ ስንት አህጉር ነው አንድ ላይ የሚቋጨው። ጸሐፊው ራሱ ቋጠሮውን መፍታት ያቃተው ነገር ነው እኮ። የሮብን አባት ኔድ ስታርክን አንደኛው ሲዝን ዘጠነኛው ክፍል ላይ አንገቱን ሲቀሉት ያኔ "ዋናው ሰውዬ አይሞትም" ብዬ ዘና ብዬ ነበር የማየው፣ ከዛ በኋላ የትኛውንም ድራማ ዘና ብዬ አይቼ አላውቅም። ያንን ያደረገብኝ ዘ ዋየር አይደለም፣ ይሄ ነው። መጨረሻው ስለከፋ ያ ቀን አልነበረም ልበል?

ሐረጎ ላይ፦ ነበር። ግን ቤት ሠርተህ ጣሪያው ከፈሰሰ እንግዳህን "ግድግዳውን እይልኝ" አትለውም። ዘ ሶፕራኖስም እኮ በ2007 ሲያልቅ ስክሪኑ ድርግም ብሎ ጠቆረ፣ ሰው ቴሌቪዥኑ የተበላሸበት መስሎት ተሳደበ፣ ዛሬ ግን ስለዚያች ጥቁር ስክሪን ነው የሚከራከሩት። የተናደዱበት መጨረሻና የተሰላቹበት መጨረሻ አንድ አይደለም። ስምንተኛው ሲዝን እንደገና ይሠራልን ብለው ከአንድ ሚሊዮን ሰው በላይ ፈርሟል።

መምህርት ከሆጤ፦ የተሰላቸ ሰው አይፈርምም ወንድሜ። የተሰላቸ ሰው ቻናል ይቀይራል።

ብርድ ልብስ፦ ኦኦኦ።

ሐረጎ ላይ፦ እሺ እሱን ወሰድሽው። ደረጃዬ ግን አልተቀየረም፣ ዘ ዋየር አንደኛ፣ ብሬኪንግ ባድ ሁለተኛ፣ ዘ ሶፕራኖስ ሦስተኛ፣ የእናንተው ዘንዶ እስከ አራተኛው ሲዝን ብቻ ከቆጠራችሁልኝ አራተኛ ይገባል። ለናትሽ ስል ነው፣ ለዛች "አብልተው?" ላለችው።

የአዝዋ ልጅ፦ አራተኛ?! ነገ ሻይ ቤቱ ጋ እንገናኝ።

ቦርከና ዳር፦ ጨፍን ብላችሁኝ ሁሉንም አነበብኩት። አቃጠለቻቸው ማለት ነው። እኔ እኮ ስሟን ለእህቴ ልጅ ላወጣላት ስሟገት ነበር፣ እንኳን አያትየው እምቢ አሉ። ፍላሽ ጫኝ ቅዳሜ ደሴ እመጣለሁ፣ 64 ጊጋ ፍላሽ አለኝ፣ ስምንተኛውን ጫንልኝ፣ ከሱ በፊት ግን የዘ ዋየርን አንደኛ ሲዝን። ሶፋዋን ማየት እፈልጋለሁ። ሰብታይትሉን እንዳትረሳ፣ የዛ ሰፈር እንግሊዝኛ ለእንግሊዞቹም አይገባም ሲሉ ሰምቻለሁ።

ፍላሽ ጫኝ፦ ሁለቱም ይገባል። ቫይረሱን አጽድተህ ና ግን፣ ባለፈው ያንተ ፍላሽ ነው ኮምፒውተሬን ያስተኛው።